የልጅ ልጅዎ በየትኛው ኮንፈረንስ ይጫወት?

ከባሌ ደሎ መና አንድ አያት ደውለውልን ነበር። ጥያቄያቸው ለዚህ አምድ እንግዳ ነው። ይሁንና ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አሜሪካ ያሉባቸው አንባቢዎቻችን ብዙ ናቸው፤ ዘንድሮ ባይገጥማቸው ከርሞ ሊገጥማቸው ስለሚችል የዛሬውን አምድ ለዚሁ ሰጥተነዋል።

የልጃቸው ልጅ ሚኒሶታ ተወልዶ ያደገ ነው። ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃን ይጨርሳል፤ ቅርጫት ኳስም ይጫወታል። «ጋርድ ነው ይሉኛል። ባንክ በር ላይ እንደሚቆመው ነው?» ብለው አሳቁን። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ወጪውን ችለው እያስተማሩት እንዲጫወትላቸው ጠይቀውታል። አንዱ ጨዋታው በየሳምንቱ በቴሌቪዥን በሚታይ ትልቅ ኮንፈረንስ ውስጥ ያለ ነው። የሌላውን ስም ደሎ መና ቀርቶ እዚያው ሚኒሶታ ያሉ ጎረቤቶቻቸውም በደንብ አያውቁትም። አባት ትልቁን ይላል፣ እናት ትንሹን ትላለች፣ ልጁ መሐል ላይ ዝም ብሏል። ክርክሩ ሲከር ነገሩ በስልክ ውቅያኖስ ተሻግሮ አያት ዘንድ ለሽምግልና መጣ። «እኔ ምን አውቄ ልፍረድ? ልጁ በኳስ እንጀራ መብላት የሚችለው የትኛው ጋ ቢሄድ ነው?» ይላሉ።

መጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ። ጋርድ የሚባለው ኳሷን ከራሱ ሜዳ ይዞ የሚወጣው፣ ለጓደኞቹ የሚያቀብለው፣ ሲመቸው ደግሞ ከርቀት የሚያስቆጥረው ተጫዋች ነው። ብዙውን ጊዜ ከአምስቱ ተሰላፊዎች አጭሩ እሱ ነው። ኮንፈረንስ ደግሞ ስብሰባ አይደለም። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ ለመወዳደር የሚቧደኑበት ማኅበር ነው፤ ሊግ ብንለውም ያስኬዳል። ከፍተኛው እርከን ዲቪዚዮን አንድ ይባላል። በእሱ ውስጥ ከ360 በላይ ዩኒቨርሲቲዎች ከ30 በላይ በሆኑ ኮንፈረንሶች ተደልድለዋል። ከእነዚህ ገንዘቡም ተመልካቹም የሚበዛላቸው አምስት ናቸው፦ ቢግ ቴን፣ ኤስ ኢ ሲ፣ ቢግ 12፣ ኤ ሲ ሲ እና ቢግ ኢስት።

ልዩነቱን ለማየት ከሚኒሶታ መውጣት አያስፈልግም። ሚኒያፖሊስ ያለው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የቢግ ቴን አባል ነው። ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ሴንት ፖል ያለው የሴንት ቶማስ ዩኒቨርሲቲ ግን በ2021 ከሦስተኛው እርከን በአንድ ጊዜ ወደ አንደኛው የዘለለ ነው፤ የሚጫወተውም ሰሚት ሊግ በሚባለው ትንሽ ኮንፈረንስ ውስጥ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱም ዲቪዚዮን አንድ ይባላሉ፤ በመካከላቸው ያለው የገንዘብና የዝና ርቀት ግን ሰፊ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የዓለም ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ የሆነው ኤን ቢ ኤ 30 ክለቦች አሉት። ክለቦቹ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ተራ በተራ ወጣቶችን የሚመርጡበት ሥርዓት ድራፍት ይባላል፤ የሚመረጡት 60 ያህል ብቻ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ከአውሮፓና ከሌላው ዓለም በቀጥታ የሚመጡ አሉ። በዲቪዚዮን አንድ የሚጫወቱት ወንዶች ግን በሺዎች ይቆጠራሉ። የኮሌጅ ስፖርቱን የሚያስተዳድረው ኤን ሲ ኤ ኤ ራሱ ባወጣው ግምት ለድራፍት ከደረሱ የኮሌጅ ተጫዋቾች ውስጥ ኤን ቢ ኤ የሚገባው ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ቤተሰቡ የቱንም ይምረጥ፣ ይህን ቁጥር ሳያውቅ አይምረጥ። አለበለዚያ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል።

«እንግዲያው ትልቁ ይሻላላ!» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ስሌቱ ቀላል ይመስላል፤ በድራፍት ከሚመረጡት የሚበዙት ከትልልቆቹ ኮንፈረንሶች የወጡ ናቸውና። ነገር ግን ትልልቆቹ ገና ከመነሻው ምርጥ ልጆችን እየለቀሙ ይወስዳሉ። ተመራጮቹ የበዙት ኮንፈረንሱ ስላሳደጋቸው ነው ወይስ ድሮውንም የተለዩ ስለነበሩ? ባሌ ውስጥ ይህን ለመረዳት የሚቸገር ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ጎበዝ ልጁን በሃረና ጫካና በሳነቴ አምባ አሻግሮ ጎባ ወይም ሮቤ ልኮ የሚያስተምር አባት፣ ልጁ ፈተና ሲያልፍ ያሳለፈው ትምህርት ቤቱ ይሁን የልጁ የራሱ ጭንቅላት እርግጠኛ መሆን አይችልም። አንደኛ ይወጣ የነበረው ልጅ እዚያ ሄዶ ከመሐል ተሰልፎ ሲቀርና ልቡ ሲሰበር ያየም አለ።

የጋርድ ነገር ደግሞ ከሌላው ተጫዋች ይለያል። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአሥር የሆነ ወጣት የትም ቢጫወት ፈልገው ያገኙታል፤ ቁመት አይደበቅም። ሜትር ከሰማንያ አምስት የሆነ ጋርድ ግን በየከተማው ሞልቷል። እሱን ከሌላው የሚለየው ውሳኔው ነው፦ መቼ እንደሚያቀብል፣ መቼ እንደሚወረውር፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው እጁ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ። ይህ የሚታየው ኳሷ እጁ ላይ ስትሆን ብቻ ነው። ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጋርድ ምን ዓይነት ውሳኔ እንደሚወስን ማንም ሊያይለት አይችልም።

ለዚህም ይመስላል ከትንንሽ ኮንፈረንሶች ወጥተው ከገነኑት መካከል ጋርዶች የበዙት። የቀደመውን ትውልድ ካነሳን ጆን ስቶክተን ያኔ እንደዛሬው ካልገነነው ጎንዛጋ በ1984 በ16ኛነት ተመረጠ። ስቲቭ ናሽ ከሳንታ ክላራ በ1996 በ15ኛነት ተመረጠ። ስቴፈን ከሪን የማያውቅ የልጅ ልጅ የለም፤ ይጠይቋቸው። አባቱ ዴል ከሪ ቨርጂኒያ ቴክ የተጫወተ የኤን ቢ ኤ ሰው ነበር። ይህ የአባቱ ዩኒቨርሲቲ ግን ለልጁ ስኮላርሺፕ አልሰጠውም። ልጁ ተማሪዎቹ ሁለት ሺህ እንኳ ወደማይሞሉት ዴቪድሰን ኮሌጅ፣ ሳዘርን ኮንፈረንስ ወደሚባለው ትንሽ ሊግ ሄደ። በ2008 በአገር አቀፉ ውድድር ጎንዛጋ ላይ 40 ነጥብ አስቆጠረ፤ ቀጥሎ ጆርጅታውንንና ዊስኮንሰንን አሸነፉ፤ ካንሳስ በሁለት ነጥብ ብቻ አስቆማቸው። በዓመቱ በ7ኛነት ተመረጠ። ሲ ጄ ማኮለም ከሊሃይ፣ ጃ ሞራንት ከመሪ ስቴት የወጡት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ማኮለም በ2012 ታላቁን ዱክን ሲያሸንፉ 30 ነጥብ አስቆጥሯል፤ በቀጣዩ ዓመትም 10ኛ ሆኖ ተመረጠ። ሞራንት በ2019 ሁለተኛ ሆኖ ተመርጧል።

ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ የዴሚየን ሊላርድ ነው። ዌበር ስቴት በዩታ ግዛት ያለ፣ ቢግ ስካይ በሚባል ኮንፈረንስ የሚጫወት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሊላርድ እዚያ አራት ዓመት ቆየ። በእነዚያ አራት ዓመታት አገር ሁሉ በሚያየው ትልቁ የመጋቢት ውድድር ላይ አንድም ቀን አልተሰለፈም። እንደ ከሪ በአንድ ሌሊት የሚያስነሳው ጨዋታ አላገኘም ማለት ነው። ሆኖም በ2012 በ6ኛነት ተመረጠ፤ በመጀመሪያ ዓመቱም የኤን ቢ ኤ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። የክለብ መልማዮች ኳሷን በየቀኑ እጁ ላይ ያዩ ነበርና ያሉበት ድረስ ሄደው አገኙት።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብን። እነዚህን ስሞች የምንጠራቸው ጥቂት ስለሆኑ ነው። በዚያው ዘመን በነዚያው ሊጎች ተጫውተው ማንም ያልሰማላቸው እጅግ ይበዛሉ። መልማዮችም ከትንሽ ሊግ የመጣ ቁጥር ሲያዩ ቀንሰው ያነቡታል፤ «25 ነጥብ ያገባው ማን ላይ ነው?» ይላሉ። የደሎ መና ሰው ይህንን ከቡናው ያውቀዋል። የሃረና ጫካ ቡና ጥሩ መሆኑን ለቃሚው ቢምልም ቀማሹ ሳይቀምሰው ዋጋ አያገኝም። ትንሽ ሊግ ውስጥ ላለ ጋርድ ቅምሻው የሚደርሰው ባብዛኛው ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ ነው። በእነዚያ ሳምንታት፣ የኮንፈረንስ ጨዋታ ሳይጀመር፣ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለትንንሾቹ ገንዘብ ከፍለው ሜዳቸው ድረስ ይጋብዟቸዋል። ጋባዡ የሚፈልገው ቀላል ድል ነው፤ ተጋባዡ የሚፈልገው ገንዘቡን ነው። ለልጁ ግን የዓመቱ ዋና ፈተና ያቺ ማታ ናት። ስለዚህ ትንሹን የሚመርጥ ቤተሰብ ቡድኑ በዓመት ከስንት ትልልቅ ቡድኖች ጋር እንደሚጫወት መጠየቅ አለበት።

በተቃራኒው በኩል ደግሞ ዴቪን ቡከር አለ። በኤስ ኢ ሲ ውስጥ ካለው ኬንታኪ ሲጫወት በ38 ጨዋታ አንድም ቀን ከመጀመሪያዎቹ አምስት ጋር አልተሰለፈም፤ እየተቀየረ ነበር የሚገባው። በ2015 ግን በ13ኛነት ተመረጠ፤ ዛሬ ከኤን ቢ ኤ ታላላቅ ጋርዶች አንዱ ነው። «ተቀያሪ መሆን አይጎዳም ማለት ነው» ብሎ የልጁ አባት ይህንን ሊያነሳ ይችላል። ነገር ግን ቡከር ተቀይሮ ሲገባ በአማካይ ከ20 ደቂቃ በላይ ይጫወት ነበር፤ ጨዋታው በጠቅላላው 40 ደቂቃ ነው። ከዚህ ጋር ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶት የሚወጣውን ልጅ አንድ አድርጎ መቁጠር አይቻልም። ትልቁ ሊግም ቢሆን ቁመትን አያስረሳም፦ ጄለን ብራንሰን በቢግ ኢስቱ ቪላኖቫ ሦስት ዓመት ተጫውቶ ሁለት የአገር ዋንጫ አንስቷል፤ በ2018 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎም ነበር። ሆኖም በድራፍቱ 33ኛ እስኪሆን ድረስ ክለቦች አልፈውታል። አጭር ነው ብለው ነዋ! ኋላ ላይ ብዙዎቹ ሳይጸጸቱ አልቀሩም።

እናት ትንሹን የምትለው የዘመኑን ለውጥ አይታ ከሆነ ልክ ናት። ቀድሞ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረ ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይጫወት መቀመጥ ነበረበት። ይህ ደንብ በ2021 ላላ፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ ትምህርቱን በአግባቡ እስከተከታተለ ድረስ ደጋግሞ ቢዛወርም ወዲያው መጫወት ይችላል። ለውጡ ትልቅ መዘዝ አለው። ትልልቆቹ አሰልጣኞች ከሁለተኛ ደረጃ ከሚመጣ የ18 ዓመት ልጅ ይልቅ ትንሽ ሊግ ውስጥ ሁለት ሦስት ዓመት የበሰለውን የ21 ዓመት ወጣት መውሰድ ይቀናቸዋል። ልጁ በቀጥታ ትልቁ ቤት ቢገባ ከእነዚህ ጎረምሶች ጋር ነው የሚጋፋው። ትንሹ ጋ ቢጀምር ግን በኋላ እሱ ራሱ ተፈላጊው ጎረምሳ ሊሆን ይችላል።

ሚኒሶታ አጠገብ ምሳሌ አለ። ሳውዝ ዳኮታ ስቴት በዚያው በሰሚት ሊግ ውስጥ ነው። የሚኒሶታው የሴንት ክላውድ ልጅ ኔት ዎልተርስ ከዚያ ወጥቶ በ2013 በ38ኛነት ተመርጧል፤ ያኔ እንደዛሬው መዛወር የተለመደ ስላልነበር የኮሌጅ ዘመኑን የጨረሰው እዚያው ነው። ቤይለር ሻየርማን ደግሞ ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ በ2022 ቢግ ኢስት ውስጥ ወዳለው ክራይተን ተሻገረ፤ በ2024 ቦስተን ሴልቲክስ በ30ኛነት ወሰደው። መሰላሉ ሁሉንም ያወጣል ማለት ግን አይደለም። ከዚያው ከሰሚት ሊግ የኦራል ሮበርትሱ ማክስ ኤብማስ በ2021 የውድድር ዘመን ከአገሪቱ የኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ በነጥብ አማካይ አንደኛ ነበር። በመጨረሻ ዓመቱ ወደ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ትልቁ ሊግ ላይም ጥሩ ተጫወተ። በ2024 ድራፍት ግን ስሙ አልተጠራም። ቁመቱ ሜትር ከሰማንያ ሦስት ገደማ ነው።

የሩቅ ሰው ታሪክ ብቻ እንዳይሆን የእኛን ወገን ልጥቀስ። ኑኒ ኦሞት ቤተሰቦቹ ከኢትዮጵያ ጦርነት ሸሽተው ኬንያ ሲገቡ በስደት የተወለደ ነው፤ ያደገው ሚኒሶታ ነው። ቁመቱ ከሁለት ሜትር ስለሚበልጥ ጋርድ አይደለም፤ መንገዱ ግን ለጥያቄያችን ይጠቅማል። ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ትልልቆቹ አልፈለጉትም። ሴንት ፖል ባለው ኮንኮርዲያ በሁለተኛው እርከን ጀመረ። ከዚያ አዮዋ ውስጥ ኢንዲያን ሂልስ ወደሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ ሄደ። ከዚያ በኋላ ነው የቢግ 12ቱ ቤይለር የወሰደው። በድራፍት አልተመረጠም፤ እንጀራውን ግን በኳስ በላ። አውሮፓ ተጫወተ፣ በ2023 የግብፁ አል አህሊ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግን ሲያሸንፍ የውድድሩ ኮከብ ተብሎ ተመረጠ፣ በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ለደቡብ ሱዳን ተሰለፈ። አያት «በኳስ እንጀራ መብላት» ሲሉ ኤን ቢ ኤን ብቻ ማለታቸው ካልሆነ፣ የኦሞት ዓይነቱ ኑሮ ከከሪ ኑሮ ይልቅ ለብዙ ልጆች የቀረበ ነው። ቱርክ፣ ጀርመን፣ ፖላንድ፣ ካይሮ፣ ኪጋሊ ሁሉ ደመወዝ አለ።

ስለ ገንዘብ ካነሳን፣ «አሁን ለተማሪዎቹም ይከፍሏቸዋል አሉ» መባሉ እውነት ነው። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ከማስታወቂያ ገቢ ማግኘት ይችላሉ። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ከስፖርት ገቢያቸው በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ ለመጀመሪያው ዓመት የተቀመጠው ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ስፖርተኞች ሁሉ በአንድ ላይ 20.5 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። እዚህ ላይ ትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ትንንሾቹን በብዙ ይበልጣሉ። ቤተሰብ በዚህ ቢፈተን አልፈርድም፤ ባሌ ያለውም ሚኒሶታ ያለውም ቤተሰብ ወጪ አለበት። ግን የ18 ዓመት ልጅ ገና አንድም ጨዋታ ሳይጫወት የቤተሰብ ኪራይና የአጎት ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ትከሻው ላይ ከተጫነ ኳሷ ትከብደዋለች። ወደ ደሎ መና ገንዘብ እንዲልክ የሚጠይቁ ዘመዶች ቢኖሩ ዝም የሚያሰኟቸው አያት ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ይህ ልጅ አሜሪካ ተወልዷልና የቪዛ ችግር የለበትም። ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ የሚሄድ ወጣት ግን ቪዛው ሥራን ስለሚገድብ ይህ ገንዘብ እንደ ልብ አይከፈትለትም፤ አንዲት ውል ከመፈረሙ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ማማከር አለበት።

እንግዲህ እኔ ሽማግሌ ብሆን የኮንፈረንሱን ስም ወደ ጎን አድርጌ ሁለቱንም አሰልጣኞች አንድ ነገር እንዲጠየቁ አደርግ ነበር፦ በሚመጣው ዓመት በእሱ ቦታ የሚጫወቱት እነማን ናቸው? በስም። ትልቁ አሰልጣኝ ሦስት ጋርዶች ጠርቶ ሲያበቃ «የእናንተም ልጅ ዕድሉን ያገኛል» ካለ መልሱ ታውቋል። ትንሹ አሰልጣኝ «ከሁለተኛ ዓመቱ ጀምሮ ኳሷ የእሱ ናት» ካለ እኔ ወደ እናት አደላለሁ። የእሱንም ቃል ግን ማጣራት ይገባል፤ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ስም ዝርዝር አውጥቶ ለአዲስ ልጆች ስንት ደቂቃ እንደሰጠ ማየት ነው፣ ሁሉም በይፋ ይገኛል። አሰልጣኞችም ይዛወራሉ፤ ጎበዝ ከሆነ ትልቁ ሊግ እሱንም ይወስደዋል። ስለዚህ ልጁ አሰልጣኙ ባይኖርም ሊቆይበት የሚችል ዩኒቨርሲቲ ይሁን፤ ሊማር የሚፈልገው ትምህርትም በእርግጥ እዚያ ይሰጥ። ስኮላርሺፑ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ጉልበቱ ቢጎዳ እንደሚቀጥል ወይም እንደሚቋረጥ በጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል የተነገረውን አይቁጠሩ። ከሪ እንኳ አንድ ዓመት ሲቀረው ወጥቶ ዲግሪውን የጨረሰው በ2022 ነው፤ እሱ ግን ለመጠበቅ የሚያስችል ገንዘብ ነበረው።

አያት በመጨረሻ የጠየቁን ስለ ረመዳን ነበር። የኮሌጅ ውድድር ከኅዳር እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ስለሚቆይ፣ በእነዚህ ዓመታት ጾሙ ከውድድሩ ጋር ይገጥማል። ጾሞ መጫወት አዲስ ነገር አይደለም። ናይጄሪያዊው ሃኪም ኦላጁዋን በ1995 እየጾመ ተጫውቶ በዚያው ወር የኤን ቢ ኤ የወሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። የኮንፈረንሱ ነገር እዚህም ይገባል። ቢግ ቴን ከ2024 ወዲህ ከምሥራቁ ኒው ጀርሲ እስከ ሎስ አንጀለስ ስለተዘረጋ ጉዞው በአውሮፕላን ነው፤ የሰዓት ለውጥም አለው። ትንሹ ሊግ ውስጥ ብዙ ጊዜ በአውቶቡስ ነው የሚኬደው፤ ማፍጠሪያው ሰዓት መንገድ ላይ ሊደርስ ይችላል። ለሁለቱም አሰልጣኞች ማቅረብ ያለባችሁ ጥያቄ አንድ ነው፦ ማፍጠሪያና ሱሁር ማን ያዘጋጅለታል፣ በጾሙ ወር የልምምድ ሰዓቱስ ይቀየርለታል? ከዚህ በፊት ጿሚ ተጫዋች የነበራቸው ከሆነ መልሱ ወዲያው ይመጣል። ካልነበራቸው አሁኑኑ ይነገራቸው፤ የካቲት ላይ ሲደርስ አይደለም።